የሂቢስከስ አበባ ታሪክና በላስታ ደጋ አተካከሉ

ታሪክ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው ወደ ነገሥታት፥ ወደ ጦርነትና ወደ ታላላቅ ሕንጻዎች ነው። ይልቁንም በላሊበላ ላደገ ተማሪ፥ ከዐለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ሌላውን ታሪክ ሁሉ ይሸፍኑበታል። ነገር ግን በአጥር ሥር ቆሞ የሚያብብ ቁጥቋጦም የራሱ ታሪክ አለው። የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ ግቢያችንን በአበባ እናስጊጥ የሚል አሳብ በተማሪዎች መካከል ስለ ተነሣ፥ የትኛውን አበባ፥ በየት ቦታ፥ በምንስ ውሃ የሚለውን ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት ስለ ሂቢስከስ የምናውቀውን አስቀድሞ መመርመር ደኅና ነው። አንባብያን እንዳይሳሳቱ፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በከተማ ግቢዎች የምናየው ሂቢስከስ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፥ ከሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ፥ አበባው አምስት ሰፋፊ ቅጠሎች ያሉት ቁጥቋጦ ነው። ከአበባው መካከል ረዘም ያለ ዘንግ ይወጣል፤ ወንዴውም ሴቴውም ክፍል በዚያ ዘንግ ላይ ተሰካክቶ በግልጥ ስለሚታይ፥ ስለ አበባ አካላት ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝም። ቀዩ ይበዛል፤ ቢጫ፥ ብርቱካንማ፥ ነጭም አለው። አንዱ አበባ ጧት ፈክቶ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ማታ ወይም በማግሥቱ ይጠወልጋል፤ ተክሉ ግን በየቀኑ ሌላ እንቡጥ ስለሚፈታ ተመልካቹ ያንኑ አበባ የሚያይ ይመስለዋል። ኢትዮጵያ በአሁኑ ጊዜ ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከኬንያ ቀጥላ ብዙ ጽጌ ረዳ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ ሂቢስከስ ግን በሳጥን ታሽጎ በአውሮፕላን ቢጫን ገና ሳይደርስ ይጠወልጋል። ስለዚህ ነጋዴ አይፈልገውም። የግቢ አበባ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እኔም ይህን እንደ ጉድለት አልቈጥርበትም።

ስሙ ግን ከራሱ ይልቅ ብዙ ዞሯል። ሂቢስከስ የሚለው ቃል ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የመጣ ሲሆን፥ እነርሱ በዚህ ስም የሚጠሩት ዛሬ የምናውቀውን አበባ ሳይሆን ልጥ ከምንለው ቅጠል ጋር የሚዛመድ ሌላ ተክል ነበረ። ቃሉን ለአሁኑ ወገን መድቦ በመላው ዓለም ሊቃውንት ዘንድ እንዲጸና ያደረገው ስዊድናዊው ካርል ሊኔ በ1753 ባሳተመው ስፒሺየስ ፕላንታሩም በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ነው። ሊኔ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ሰጠ፤ የፊተኛው እንደ ነገድ፥ የኋለኛው እንደ ግል ስም የሚቈጠር ነው። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ነገር ግን ሊኔ የሩቅ አገር ተክሎችን የሚያውቃቸው ደርቀው ከተላኩለት ናሙናዎች፥ ከሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ወይም በአውሮፓ የአትክልት ቦታዎች ከበቀሉት ስለ ነበረ፥ አገራቸውን በመናገር ረገድ ብዙ ጊዜ ስቷል።

ሦስት ምሳሌ እነሆ። በላቲን ሂቢስከስ ሲሪያከስ፥ ይኸውም የሶርያ ሂቢስከስ፥ የተባለው ተክል ከሶርያ የበቀለ አይደለም፤ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። በኮርያም እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ የአገሪቱ መለያ አበባ ሆኗል። አሜሪካውያን ደግሞ ይህንኑ ተክል በመኃልየ መኃልይ እንደ ተጠቀሰው የሳሮን ጽጌ ረዳ ብለው ይጠሩታል፤ የሳሮን ሜዳ ግን ሲፈጠርም አላበቀለውም። ሁለተኛው ሂቢስከስ ሮዛ ሲነንሲስ፥ ማለትም የቻይና ጽጌ ረዳ፥ የተባለው ነው። በየከተማው ግቢ የምናየው እርሱ ነው። ይህ ተክል ከጥንት ጀምሮ በእስያ በሰው እጅ እየተተከለ ኖረ እንጂ በቻይና ዱር ሲበቅል አልተገኘም፤ በቅርቡ የተመራመሩ ሊቃውንት በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ከሚገኙ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው ይላሉ። የባሕር መንገደኞች ከደሴት ወደ ደሴት በጀልባ ይዘውት ሄደዋል ማለት ነው። በማሌዥያ እንግዳ ተክል ሳለ በ1960 የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ሆኖ ተመረጠ።

ሦስተኛው ምሳሌ እኛን ይነካናል። ሊኔ በ1771 ሂቢስከስ ኤትዮፒከስ፥ ይኸውም የኢትዮጵያ ሂቢስከስ፥ ብሎ አንዱን ትንሽ ተክል ሰየመ። አንባቢ ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም፤ ነገር ግን ተክሉ የተገኘው በደቡብ አፍሪካ በኬፕ አካባቢ ነው። በጥንት ጸሐፊዎች አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለ የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ስለ ነበረ፥ የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ስም እስከ አፍሪካ መጨረሻ ድረስ አስኬዱት። ነጭ ሆኖ እንደ ቀንድ የሚጠቀለለው፥ በአዲስ አበባ ግቢዎችም የሚታየው አበባ እንዲሁ በላቲን የኢትዮጵያ ተብሎ ይጠራል፤ አገሩ ግን ያው ደቡብ አፍሪካ ነው።

በላሊበላ ለሚኖር ሰው ከአገሩ ርቆ የሄደ ስም እንግዳ ነገር አይደለም። የዛጔው ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ በነገሠ ጊዜ፥ ሮሃ በተባለችው ከተማ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፥ ደብረ ዘይት የሚባል ኮረብታ፥ ቤተ ጎልጎታና ቤተ ልሔም የሚባሉ ቦታዎች እንዲኖሩ ሆነ። በ1187 ሳላዲን ኢየሩሳሌምን እንደ ያዘ ይታወቃል፤ ሩቅ ሄዶ መሳለም ላልቻለ ምእመን ቅድስቲቱ ከተማ በላስታ ተራሮች መካከል እንድትታሰብ ተደረገ። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ዮርዳኖስን የሚሻገር የላስታ ሰው ያ ወንዝ የፍልስጥኤሙ አለመሆኑን ያውቃል፤ ስሙ የመጣው በፈቃድና በእምነት ነው። የእነዚያ አበቦች ስም ግን ካለማወቅ የመጣ ስለ ሆነ፥ ዛሬም የሚያነበውን ሰው ያሳስታል።

እንግዲህ ኢትዮጵያ የራስዋ ሂቢስከስ የላትምን? አላት፤ ያውም ብዙ ዓይነት። ከእነርሱ መካከል በአማርኛ ናጫ የሚባለው በደጋና በወይና ደጋ በጫካ ዳርና በወንዝ አጠገብ የሚበቅል ጸጉራም ቁጥቋጦ ነው። አበባው ትልቅና ቢጫ፥ መካከሉ ጠቆር ያለ ነው። ባላገር ግን ናጫን ለአበባው ብሎ አይፈልገውም፤ ልጡን ልጦ ገመድ ያደርገዋል። በመጽሐፍ የገባበት ስም ሂቢስከስ ማክራንተስ ነው፤ ትርጓሜውም ባለ ትልቅ አበባ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ምድር ተገኝቶ ሳለ የኢትዮጵያ የሚለውን ስም አላገኘም፤ ስሙን አስቀድሞ ሌላው ወስዶበታል።

ናጫ ወደ መጽሐፍ የገባበት መንገድ ግን የሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው፤ በጥቂቱም ቢሆን ማንሣት ይገባናል። ከ1839 እስከ 1843 ድረስ ቴዎፍል ለፌብር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኰንን አገራችንን ሲመረምር፥ ካርታን ዲዮንና ፕቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አብረውት ተክልና እንስሳ ይሰበስቡ ነበር። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ካርታን ዲዮን በ1840 በመረብ ቆላ በንዳድ ሞተ፤ ፕቲን ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቧቸው ደረቅ ተክሎች ግን ፓሪስ ደረሱ። በዚያም አሺል ሪሻር የተባለው የእጽዋት ሊቅ ከሌሎች ስብስቦች ጋር አስተያይቶ ከ1847 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ተክሎች ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። የናጫ የላቲን ስም የታተመው በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

ከሌሎች ስብስቦች ስል ይልቁንም የሺምፐርን ማለቴ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን፥ በኤስሊንገን ከተማ ሽቶይደልና ሆክስተተር የተባሉ ሰዎች ተክል ሰብሳቢዎችን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ ባቋቋሙት ማኅበር ተልኮ በ1837 ወደ ትግራይ ገባ። ሌሎች መንገደኞች ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ እርሱ ግን ቀረ። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ ደጃዝማች ውቤም እንጢጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። በ1855 ውቤ በደረስጌ ተሸንፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ሹመቱ ቀረ። በኋላም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በንጉሡ እጅ ቆይቶ፥ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ነጻ ወጣ። እንግሊዞቹ ወደ ባሕር ሲመለሱ ብዙዎቹ አውሮፓውያን አብረዋቸው ሄዱ፤ ሺምፐር ግን ወደ ዓድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው ሞተ። 40 ዓመት ያህል በሰበሰባቸው ዘመን እያደረቀ የላካቸው ተክሎች በአውሮፓ ታላላቅ የእጽዋት ቤተ መዛግብት ተበትነው ይገኛሉ።

የሺምፐር ናሙናዎች ኤስሊንገን ሲደርሱ ሆክስተተር በየወረቀቱ ላይ አዲስ ስም ይጽፍ ነበር፤ ሪሻርም ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹን ተቀብሎ አሳተማቸው። ስለዚህ ዛሬ የናጫን ሙሉ ስም በእጽዋት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከኋላው የሆክስተተርንና የሪሻርን ስም ተያይዞ ያገኛል። ሁለቱም ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም። ተክሉን ለሰብሳቢዎቹ ያሳየው፥ ስሙንና ጥቅሙን የነገረው ባላገር፥ ወረቀቱንም በበቅሎ ጭኖ ምጽዋ ያደረሰው ሰው ስም ግን በየትም አልተጻፈም። እኔ ስለ አበባ ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያዘንሁት በዚህ ነው።

የሂቢስከስ ዘመዶች በያንዳንዳችን ቤት ይገኛሉ ብል ብዙ ሰው ይገረም ይሆናል። ደጅ የሚጠረግበት ጭፍርግ ከዚህ ቤተ ሰብ ነው፤ አንደኛው የጭፍርግ ዓይነት በላቲን የሺምፐርን ስም ይዞ ይጠራል። ስለዚህ ያ ሰው ያልታሰበ መታሰቢያ አግኝቷል፤ በየጧቱ እናቶቻችን ግቢ የሚጠርጉበት ነውና። ልጥም ዘመዱ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ዘመድ ግን ጥጥ ነው፤ የጥጥን ተክል አበባ በቅርብ ያየ ሰው ከሂቢስከስ ጋር ያለውን ወንድማማችነት ወዲያው ያውቃል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ጥጥ ተጠቅሷል፤ ከዚያ ወዲህም የደጋው ሰው ነጠላውንና ጋቢውን ሲያስፈትልና ሲያሠራ ኖሯል። በሱዳን ጠረፍ የሚወደደው ባምያም ሊኔ ከሂቢስከስ ጋር ቈጥሮት የነበረ ነው፤ ኋላ ግን ለብቻው ተለየ። ሱዳኖች እንደ ሻይ አፍልተው ወይም አቀዝቅዘው የሚጠጡት ቀዩ ከርከዴ ደግሞ ራሱ ሂቢስከስ ነው፤ የሚፈላውም አበባው ሳይሆን አበባውን ከሥር አቅፎ የሚይዘው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ዘመድ ያለው አበባ በላስታ ጓሮ ለምን በብዛት አልተተከለም? መልሱ ቸልተኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። የላስታን ጓሮ ያየ ሰው ጌሾ፥ ጤና አዳም፥ አሪቲ፥ በሶብላ ያገኛል። እያንዳንዱ ለመጠጥ፥ ለመድኃኒት፥ ለወጥ ወይም ለመዓዛ የሚያገለግል ነው። የአበባ ፍቅርም አልጠፋም። መስከረም ሲጠባ ተራራው ሁሉ በአደይ አበባ ይለብሳል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ተብለው በቤተ ክርስቲያን በማሕሌት ይከበራሉ። ለዚህ ሁሉ አበባ ውሃ የሚያጠጣው ክረምቱ ነው። የላስታ ዝናብ በብዛት የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በልጉ ቢጥልም ባይጥልም፥ ከዓመቱ የሚበዛው ወራት ደረቅ ነው። በእነዚያ ወራት ለአበባ የሚፈሰው እያንዳንዱ ጣሳ ውሃ ከአንዲት ሴት ወይም ከአንዲት ልጅ ጀርባ የወረደ ነው። ከምንጭ በእንስራ፥ ኋላም በፕላስቲክ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ዳገት የወጣች እናት የማይበላና የማይጠጣ ቁጥቋጦ አልተከለችም ብሎ መውቀስ አይገባም። በ2021 ጦርነቱ ወደ ላሊበላ በደረሰ ጊዜም ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ውሃ እንዴት ውድ እንደ ሆነ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ግቢያችንን በአበባ ማስጌጥ የሚለው አሳብ መልካም ቢሆንም፥ ውሃውን ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት።

በላሊበላ ከዚህ ሌላ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እርሱም ዐለቱ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ዐለት እሳተ ገሞራ የፈጠረው፥ ቀላ ያለና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ለመጥረብ ይመቻል፤ ውሃም በቀላሉ ይገባዋል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሳለ በክረምት የማይጥለቀለቀው የቦዩ ወለልና የፍሳሹ መውረጃ ታስቦ ስለ ተጠረበ ነው። በቤተ ማርያም ቅጥር ያለው ጥልቅ የውሃ ገንዳም ውሃን ከዐለት ጋር ማኖር ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ቦዩ በአፈርና በሣር ሲደፈን ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ወደ ግድግዳውም ይሰርጋል። በላዩ የበቀለ ቁጥቋጦ ሥሩን በስንጥቅ ውስጥ ይሰድዳል፤ ሥሩም በወፈረ ቁጥር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከ1966 ጀምሮ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው ድርጅት ሳንድሮ አንጀሊኒ በተባለ ኢጣልያዊ መሪነት የአብያተ ክርስቲያናቱን ጥገና ሲሠራ፥ ቦዮቹን ማጽዳትና ውሃው እንዲወርድ ማድረግ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ2008 ደግሞ አምስቱን ከዝናብ ለመከላከል 4 ትልልቅ መጠለያዎች በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠሩ። መጠለያዎቹ መልካቸው አያምርም፤ ሊጎዱም ይችላሉ የሚል ብዙ ክርክር ተነሥቶባቸዋል፤ ሁሉም ወገን የሚስማማበት ነገር ቢኖር ግን የዐለቱ ጠላት ውሃ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በየቀኑ ውሃ የሚፈስለትን አበባ በዐለቱ አፋፍ ወይም በቦዮቹ አጠገብ መትከል፥ ለውበት ብሎ ውበትን ማፍረስ ነው። በቅዱሳት ቦታዎች ዙሪያ ያሉት የወይራና የጥድ ዛፎች ለዘመናት ኖረዋል፤ እነርሱ ሥራቸውን ሰድደው በሰማይ ዝናብ ብቻ የሚያድሩ ናቸው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አካባቢ ያለውን የጥድ ደን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሂቢስከስ ግን ጥገኛ ነው፤ ሰው ካላጠጣው አይኖርም። ስፍራው የመኖሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ግቢ፥ ከዐለቱ የራቀና አፈሩ ጠለቅ ያለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አተካከሉ እንለፍ። የከተማው ሂቢስከስ ዘር እምብዛም አይሰጥም፤ የሚራባው በቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ የሚቈረጠው ክረምት ሊገባ ሲል፥ በሰኔ ነው። ውፍረቱ እንደ እርሳስ፥ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል የሆነ፥ ለጋም ያረጀም ያልሆነ ቅርንጫፍ ተመርጦ ከአንጓው ሥር በተሳለ ቢላዋ ይቈረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ ከላይ ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ ትልልቅ ከሆኑም በግማሽ ይቈረጣሉ፤ ቅጠል ሲበዛበት ሥር ሳያወጣ ውሃውን ይጨርሳልና። ከዚያም አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ሁለቱ አንጓዎች እስኪቀበሩ ተተክሎ በጥላ ይቀመጣል። ሥር እስኪይዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሥር አውጥቶ እንደ ሆነ ለማየት እየነቀሉ መመልከት በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ጥፋት ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቻይናው ሂቢስከስ የሞቃት አገር ተክል ስለ ሆነ ብርዱን የሚችለው በጭንቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ሸለቆ ቢተከል ጫፉ ይጠቁራል፤ ከአሸተን ማርያም ወደ አቡነ ዮሴፍ በሚወስደው ከፍታ ላይማ ጭራሽ መሞከር አያስፈልግም። በከተማው ግን ከድንጋይ ግድግዳ በስተደቡብ በኩል ቢተከል ደኅና ይሆናል። በብርድ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳው ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልስለታል። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤቶች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ።

ጉድጓዱ ክንድ ያህል ጥልቀት ይኑረው፤ የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ይግባበት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል። በግንዱ ዙሪያ እንደ ሳሕን ጎድጎድ ያለ መደብ ተበጅቶ በገለባ ይሸፈን፤ በገለባው ላይ ጠጠር ቢደረግበት ነፋስ አይወስደውም፤ እርጥበቱም ይቈያል። በበጋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ፥ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠጥቶ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች መውረድ የሚለምደው እንዲህ ሲሆን ነው። ብዙ ሳሙና ያልገባበት የእህልና የአትክልት እጣቢ ይበቃዋል፤ ለመጠጥ የተቀዳ ውሃ አያስፈልገውም። ከውሃ ማጣት የተነሣ እንቡጡ ሳይፈታ ይረግፋል፤ በውሃ ብዛት ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ በጣት አፈሩን ቈፈር አድርጎ በመዳሰስ ነው። ክሽክሽ ሲወርድበት ጥቂት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ቅጠሉን በጀርባው በኩል ማጠብ ይበቃል። መግረዝ የሚገባው በግንቦት፥ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። አበባ የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለ ሆነ፥ ለአበባው ሳስቶ የማይገርዝ ሰው በመጨረሻ እንጨት ብቻ ይቀርለታል። ከበሽታና ከተባይ ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ፍየል ነው። ፍየል የሂቢስከስን ቅጠል ካገኘች የሁለት ዓመትን ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሰዋለች፤ ከችግኙ በፊት አጥሩ ይሠራ።

ናጫን ማልማት የሚፈልግም የሚገጥመው ድካም ያነሰ ነው። ዘሩ በበጋ ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ ይለቀማል፤ ቆዳው ጠንካራ ስለ ሆነ ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ በሰኔ መጀመሪያ ይዘራል። የአገሩን ብርድና ድርቅ ለምዶ ያደገ በመሆኑ ከመጀመሪያው በጋ በኋላ እምብዛም ሰው አይፈልግም። ስፍራውን ከመረጡለት ለጎርፍ መከላከያም ያገለግላል፤ በትምህርት ቤታችን በታችኛው አጥር በኩል አፈሩ በየክረምቱ የሚታጠብበት ሸንተረር ለዚህ የተመቸ ነው። ቢጫ አበባው በቅርብ ሲታይ ከቻይናው የሚያንስበት ነገር የለም።

በእኔ አስተያየት ለበዓሉ ከሚተከለው ከሁለት እጅ የሚበልጠው ናጫ ይሁን፤ ከሸንተረሩ እስከ በሩ ድረስ ይዘራ። የቻይናው ሂቢስከስ ጥቂት ሥር፥ ቢበዛ 10 ያህል፥ እጅ መታጠቢያው የሚፈስበት ቦይ ካለፈበት ከመማሪያ ክፍሎቹ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር ይተከል፤ በዚያ ውሃው ሌላ ሸክም ሳይጨምር በራሱ ይደርሰዋል። ቅርንጫፉ ከወልድያ ወይም ከቆቦ ግቢዎች በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ቀን ቢያድር አይጎዳም። በየችግኙ አጠገብ የሚቆመው ሰሌዳ ላይም የላቲኑ ስም ከመጻፉ በፊት በትልልቅ ፊደል ናጫ ተብሎ ይጻፍ።